ወደ ጥሻው የመጣ ወዳጅ

ምንባብ፦ 1ኛ ሳሙኤል 23፥15–18



ዳዊት ከሳኦል ፊት ሸሽቶ በዚፍ ምድረ በዳ በተሸሸገ ጊዜ ዮናታን ወደ እርሱ እንደ ሄደና በእግዚአብሔር እንዳበረታው በምንባባችን ሰምተናል። ሳኦል የዳዊት አማት ነው፤ ዮናታንም የሳኦል ልጅ ነው። እንግዲህ ከአንድ ቤት ጦርም ወጣ፥ መጽናናትም ወጣ። የሩቅ ሰው ቃል በጆሮአችን ያልፋል፤ የቅርብ ሰው ቃል ግን በልባችን ይቀመጣል፥ ሌሊትም ያነጋግረናል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ። ብዙዎቹም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ረኃብም የአገራችንን ስደተኞች ያስጠለለ ስፍራ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ እንግዳው አገሩ ሳይመለስ ባለቤቱም ተሰደደ፥ በጋላባት በኩል ብዙ ሕዝብ ወደ መተማ ተሻገረ።

በእንዲህ ያለ ሰፈር ያለች አንዲት ጎጆ በልባችን እናስብ። እናት የልጅዋ ወሬ ጠፍቶባታል። አብሮአት ያለው ወንድምዋ በየማታው፦ እንግዲህ የተረፈ የለም ይላል። እርሱ ክፋት አስቦ አይደለም፤ የገዛ ኀዘኑን መናገሩ ነው። ነገር ግን ወር ሳይሞላ ያን ቃል እርስዋ ራስዋ ትናገረዋለች። ጎረቤት አንድ ቀን ሲቀርባት፦ ጠልተውኝ ነው ትላለች፥ ከቡናውም ትቀራለች። ጎረቤቶችም ብቻዋን መሆን የወደደች መስሎአቸው ይተዉአታል። እንዲህም ክፉ አሳብ የሐሰት ምስክር አገኘ። አሥሩ ሰላዮች የእስራኤልን ሁሉ ልብ ያቀለጡት በዚሁ መንገድ አይደለምን?

ዮናታን ያደረገውን እንመልከት። አንደኛ፥ ሄደ፤ ዳዊት እስኪጠራው አልጠበቀም። ያዘነ ሰው መጥራት አይችልምና። ሁለተኛ፥ የእግዚአብሔርን ተስፋ አሳሰበው፤ አደጋው የለም ብሎ ግን አልዋሸውም። ሦስተኛ፥ ዳዊትን ከጥሻው አላወጣውም። እርሱ ወደ ቤቱ ተመለሰ፥ ዳዊትም በዚያው ቀረ፤ የቀረው ግን በተጽናና ልብ ነው።

እኛ አገልጋዮችም በዚህ ነገር በደለኞች ነን። ወዳዘኑት ገብተን፦ እምነትህ ጐድሎ ነው ያልንበት ቀን አለ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ቍስል ጨመሩ። ማርቲን ሉተር በ1530 እ.ኤ.አ. በኀዘን መንፈስ ለተያዘው ለልጆቹ አስተማሪ ለሂሮኒሙስ ቬለር ሲጽፍ፥ ከብቸኝነት እንዲሸሽ አጥብቆ መከረው። በ1536 እ.ኤ.አ. በጻፋቸው በሽማልካልድ አንቀጾችም ወንድሞች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትንና የሚጽናኑበትን ነገር ከስብከትና ከምሥጢራት ጋር ወንጌል ከሚሰጥባቸው መንገዶች ቈጠረው።

ስለዚህ ወገኖቼ፥ ማታ ማታ፦ ዛሬ ከአፋችን ወደ ቤተሰባችን ልብ የገባው ምንድር ነው? ብለን እንጠይቅ። ከቡናው የቀረችውን ጎረቤት ሄደን እንጥራት። ኀዘን እህልና እንቅልፍ የነሣውን ሰው ወደ ሐኪምም እንውሰደው፤ ይህ እምነትን መካድ አይደለም። ያዘንህ አንተም ወንድሜ፥ የሚመጣውን ወዳጅ በር አትዝጋበት፤ የላከው ጌታ ይሆናልና።

ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ወዳጆቹ አብረውት እንዲተጉ ለምኖ ተኝተው አገኛቸው። እርሱ ብቸኝነታችንን ያውቃል፤ ወደ ጥሻችንም የመጣ ታማኝ ወዳጅ እርሱ ነው።

ጌታ ሆይ፥ በድንበር ወዲህና ወዲያ ያሉትን ስደተኞች አስብ፤ አንደበታችንንም ለመጽናናት ቀድስልን። አሜን።