ስምን በገዛ እጅ መጻፍ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በግ የሚጠብቅ አንድ ሕፃን በበትሩ ጫፍ አፈር ላይ ሲጽፍ አገኘሁት። ዕድሜው ከሰባት ዓመት የሚበልጥ አይመስልም። ስሙ ሦስት ፊደል ነው፤ የመጀመሪያውን አስተካክሎ፣ ሁለተኛውን ገልብጦ ጽፎታል፤ ሦስተኛውን ገና አልደረሰበትም። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ስሜ ነው» አላለኝም። «እኔ ነኝ፣ አባ» አለኝ።

ይህ መልስ ከአእምሮዬ ሳይወጣ ሰንብቷል። አፈር ላይ የተጫሩ ሁለት ፊደላት እንዴት «እኔ» ሊሆኑ ይችላሉ? ስም እኮ የራሳችን ይባል እንጂ ይበልጡን የሌሎች ነው። ሳንጠየቅ አባትና እናት፣ አንዳንዴም አያት ያወጡልናል፤ ከወጣልንም በኋላ የሚጠሩት ሌሎች ናቸው፤ ሰው የገዛ ስሙን አፍ አውጥቶ የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሕፃን ስሙን በጻፈ ጊዜ ግን ከሰዎች አፍ ሲሰማው የኖረው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጁ ይወጣል። ቀድሞ ሲጠሩት «አቤት» ይል ነበር፤ አሁን ማንም ሳይጠራው ራሱን ያቀርባል።

ይህን ለአንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ባጫውተው «አባ፣ ሕፃንን ከራሱ ስም ማስጀመር ራስ ወዳድነትን ማስተማር አይሆንምን?» ሲል ጠየቀኝ። ከጀርባው ረጅም ትውፊት ስላለ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ሕፃን ስሙን ከመጻፍ አይጀምርም። ከየኔታ ፊት ተቀምጦ፣ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ይቆጥራል፤ 26ቱ የግእዝ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲቆጠሩ 182፣ አማርኛ የጨመራቸው ሰባቱ ሲታከሉባቸው 231 ይሆናሉ። (የጨነቅ ልጅ የአገሩን ስም ለመጻፍ ከተጨመሩት አንዱን «ጨ»ን ማወቅ ግድ ስለሚሆንበት የግእዙ ብቻ አይበቃውም።) ቀጥሎ አቡጊዳ፣ የዮሐንስ መልእክት፣ ወንጌል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይመጣል። ይህ ሁሉ ንባብ ነው። ጽሕፈት ግን ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ ብርዕ መቅረጽን የሚጠይቅ፣ ለብቻው የሚማሩት ሙያ ስለነበረ ዳዊት ደግሞ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ብዙ ነበር።

በብራና መጻሕፍት ውስጥ የሰው ስም አዘውትሮ የሚገኘው በልመና ቦታ፣ ጸሐፊው ወይም ያጻፈው ሰው ምሕረት እንዲያገኝ በሚለመንበት ስፍራ ነው። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ የሚገባበት ጊዜም አለ። በዚህ ትልቅ ትሕትና ይታየኛል። ይሁንና ከየኔታ ፊት ይቀመጡ የነበሩት በአብዛኛው ወንዶች ልጆች መሆናቸውን ልንረሳ አይገባም። መጻፍ ሲችል ስሙን የተወ ሰው ትሑት ነው፤ ፊደል እንዳትቆጥር የተደረገች ልጅ ግን ተከለከለች እንጂ ትሕትናን አልመረጠችም።

ደግሞስ የሚጻፈው የትኛው ስም ነው? እንደ አገራችን ልማድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጣቸው የክርስትና ስም በብዙ ቤት ከዕለት መጠሪያው ተለይቶ ይጠበቃል። ክታብ የሚጻፈው በዚህ ስም ነው፤ ክፉ ሰው ካወቀውም ያስደግምብኛል የሚል ፍርሃት ስላለ ለባዕድ አይነገርም። በዚህ ፍርሃት ማፌዝ ይቀላል። እኔ ግን አንድ ቁም ነገር አይበታለሁ፤ እነዚህ ሰዎች የተጻፈ ስም ከባለቤቱ ተለይቶ የሚቀር ነገር ነው ብለው አያምኑም። እረኛው ሕፃን ያለኝም ይህንኑ ነው። ስሕተቱ ስሙ ለጠላት ተጋልጧል ብሎ መስጋቱ ላይ ነው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር ጽዮንን በመዳፉ እንደ ቀረጻት ይነግረናልና። ስለዚህ ቤተሰቡን ሳናስጨንቅ በመጠሪያው እናስጀምረው፤ የክርስትና ስሙን ለመጀመሪያ ቁርባን ሲዘጋጅ ከወላጆቹ ጋር ሆኖ ይጽፈዋል።

ነገሩ የሚከብደው ፊርማ ላይ ሲደርስ ነው። መጻፍ የማይችል ሰው ጣቱን ቀለም አስነክቶ ይፈርማል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በዘመኑ ሥርዓት ላይ ያለን ፍርድ ምንም ቢሆን፣ ብዙ ጎልማሶችን ከጣት ወደ ፊርማ አሻግሯል። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ አንድ ድርጊት በእውነት የሰው ድርጊት የሚባለው ከአእምሮና ከፈቃድ ሲመነጭ መሆኑን ያስተምራል። የፈራችን ልጅ ጣት ሌላ ሰው ይዞ ወረቀት ላይ ሊያሳርፈው ይችላል፤ ስም ለመጻፍ ግን የራሷ አእምሮ እጇን መምራት አለበት። እርግጥ አስገድዶ ማስፈረምም፣ ፊርማ አስመስሎ መጻፍም አለ። ቢሆንም ስሟን የምትጽፍ ልጅ ከፊርማው በላይ የተጻፈውን ወደ ማንበብ መንገድ ጀምራለች። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን እየከለከለ ሴቶች ልጆች ያለ ዕድሜያቸው በሚዳሩበት አገር ይህ የፈላስፎች ጨዋታ አይደለም።

ወደ መምህሩ ጥያቄ ልመለስ። ለእረኛው ሦስተኛውን ፊደል ጻፍሁለት፤ ደጋግሞ ከገለበጠው በኋላ አቀናው። ወዲያው «የእኅቴስ እንዴት ነው?» አለኝ። እኅቱ ትምህርት ቤት አትሄድም። ራስ ወዳድነት የት አለ? የእኔ ስም ይጻፋል ብሎ የተረዳ ሕፃን የሌላውም እንደሚጻፍ በዚያው ቅጽበት ተረዳ። መምህሩንም «ከስሙ አስጀምረው፤ በማግሥቱ የእናቱን፣ ከዚያም የተጣላውን ጓደኛውን ስም አስጽፈው፤ ሀሁውንም ሳታጎድል አስቆጥረው» ብዬዋለሁ።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ መማር የሰው ሁሉ መብት መሆኑንና የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስታውቋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተባባሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ወላጁ ራሱ ፊደል ያልቆጠረ ሲሆን ሸክሙ ወደ እኛ ይመጣል። ደብተርና እርሳስ እስኪገኝ መጠበቅም አያሻም፤ ጌታችን በጣቱ ምድር ላይ እንደ ጻፈ ወንጌላዊው ዮሐንስ ይተርካልና አፈር የሚናቅ ሰሌዳ አይደለም። ከሰል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ወንዶቹንም በሚቀጥለው እሑድ እኅቶቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው።