አንድ ጊዜ ተናግሮ ዝም ማለት ይበቃልን?



ኢማሙ ባለ አራት ረከዓውን ሶላት በሁለተኛው ረከዓ ላይ አሰላመተ እንበል። ከኋላው ከተሰለፍነው ብዙዎቻችን ስህተቱን አውቀናል። ግን እርሱ ዓሊም ነው፤ እኛ ተራ ሰዎች ነን። ምናልባት የተሳሳትነው እኛው እንሆን? ሸሪዓችን ይህን ጉዳይ ለሐፍረታችን አልተወውም። ወንዱ «ሱብሐነላህ» ይላል፣ ሴቷ እጇን ታጨበጭባለች። ታናሹ ታላቁን እንዲያስታውስ ተፈቀደ ብቻ ሳይሆን መንገዱም ተነገረው።

የዚህን ትምህርት ክብደት ከመስጊድ ውጭ ለማየት የፈለገ የአውሮፕላን አደጋዎችን የምርመራ ውጤት ይመልከት። ዲሴምበር 29 ቀን 1972 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ኢስተርን አየር መንገድ አውሮፕላን 176 ሰዎችን ይዞ ማያሚ ሊያርፍ ሲል፣ የፊት ጎማው መዘርጋቱን የሚያመለክተው መብራት አልበራ አለ። አውሮፕላኑ በ2000 ጫማ ከፍታ እንዲቆይ ተደረገና በአብራሪዎቹ ክፍል የነበሩት ሁሉ በዚያች መብራት ተጠመዱ። አውቶማቲክ መሣሪያው ከፍታውን መጠበቅ ማቆሙን ማንም ልብ አላለም። ምድር ላይ ያለው የበረራ ተቆጣጣሪ በራዳሩ 900 ጫማ የሚል ቁጥር አየ። ራዳሩ ለአፍታ ሊሳሳት እንደሚችል ያውቃልና ያየውን በግልጽ አልተናገረም፤ ነገሩ እንዴት እየሆነላችሁ ነው ብሎ ብቻ ጠየቀ። እነርሱም ዞረው መመለስ እንደሚፈልጉ ነገሩት። ወዲያው አውሮፕላኑ ረግረግ ላይ ተከሰከሰና 101 ሰዎች ሞቱ። የሁሉ ነገር መነሻ የተቃጠለች አምፑል ነበረች።

መዘንጋት የሰው ልጅ ባሕርይ ነው። ሱጁደ ሰህው የተደነገገውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ማን ይዘነጋል የሚለው አይደለም፤ ሁላችንም እንዘነጋለን። ጥያቄው ማን ያስታውሳል፣ እስከ ምን ድረስስ ያስታውሳል የሚለው ነው።

«አንዴ ከተናገርኩ ከጫንቃዬ ወረደ» የሚል ይኖራል። ይህ ሰው ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት የደረሰውን ይስማ። ጉም ወርዶ የመቆጣጠሪያው ማማ ሜዳውን ማየት አልቻለም። የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤም. ቦይንግ 747 ሊነሳ ሲሰናዳ፣ የአሜሪካው ፓን አም ሌላ 747 በዚያው መንደርደሪያ ላይ ነበር። የኬ.ኤል.ኤም. ዋና አብራሪ ሌሎችን የሚያሠለጥን፣ በመሥሪያ ቤቱ እጅግ የተከበረ ሰው ነው። መጀመሪያ ሊንቀሳቀስ ሲል ረዳቱ ፈቃድ እንዳልመጣ አስታወሰውና ቆመ። ጥቂት ቆይቶ የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ እንደገና ሲንደረደር ግን ረዳቱ አላስቆመውም። የማማውና የፓን አም መልእክት በአንድ ቅጽበት ተላልፈው ተደበላለቁ። የበረራ መሐንዲሱ ቀጥሎ ከመጣው ንግግር አንድ ነገር ጠርጥሮ፣ ያ አውሮፕላን መንገዱን አልለቀቀም ወይ ሲል ጠየቀ። ዋና አብራሪው ለቋል ብሎ ጠንከር አድርጎ መለሰለት። መሐንዲሱ አልደገመም። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ሁለቱ ተጋጩ፤ 583 ሰዎች አለቁ።

አሁን በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዙልየደይንን ታሪክ ከዚህ ጎን እናስቀምጠው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለ አራት ረከዓ ሶላት ሲያሰግዱ በሁለተኛው አሰላመቱ። አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ከሰጋጆቹ መካከል ነበሩ፤ ግን ለነቢዩ ካላቸው ታላቅ አክብሮት የተነሳ መናገር ከበዳቸው። ዙልየደይን የሚባለው ሶሓባ ግን ረስተው እንደሆነ ወይስ ሶላቱ አጥሮ እንደሆነ ጠየቃቸው። ሁለቱም እንዳልሆነ ነገሩት። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የበረራ መሐንዲሱ ዝም ያለው ልክ እዚህ ቦታ ላይ ነው! ዙልየደይን ግን ዝም አላለም፤ አንዱ መሆኑን ደግሞ ተናገረ። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጡም። ወደ ሰጋጆቹ ዞረው እውነት ይላል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሲያረጋግጡላቸውም የቀረውን አሟልተው ሱጁደ ሰህው ወረዱ። ተከታዩ በአደብ ደገመ፤ መሪውም አድምጦ ሌሎችን ጠየቀ።

የአቪዬሽን ሰዎች ይህን የተማሩት በብዙ ሕይወት ነው። በ1978 በአሜሪካ ፖርትላንድ አቅራቢያ አንድ አውሮፕላን አብራሪዎቹ በጎማ ችግር ተጠምደው ሳለ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። መርማሪዎቹ ዋና አብራሪዎች ማማከርን፣ ረዳቶቻቸውም ደፍሮ መናገርን እንዲሠለጥኑ አሳሰቡ። በ1981 ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ከ10,000 ጫማ በታች ከሥራው ውጭ የሆነ ወሬን በአብራሪዎች ክፍል ከለከለ። በሶላት ውስጥ ወሬ ለምን እንደተከለከለ ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወገኖቼ! እኛስ? የሚኒባስ ሹፌር በሞባይል እያወራ ሲነዳ ተሳፋሪው ሁሉ እርስ በርስ ይተያያል እንጂ ማን ይናገራል? በመስጊድ ኮሚቴ ስብሰባ ሒሳቡ እንዳልተስተካከለ እያወቅን፣ «ሐጂ ካሉ ምን ይደረጋል» ብለን ወጥተን በር ላይ እናማለን። ፊት ለፊት ያልተናገርነውን ከኋላ መናገር ሐሜት እንጂ ነሲሓ አይደለም። «ፊትና እንዳይነሳ ነው» የሚል ምክንያትም አያስኬድም። «ሱብሐነላህ» ያለ ሰጋጅ ኢማሙን አልሰደበም፣ ሶፉንም አላፈረሰም። የሰውየውን ክብር ጠብቆ ሶላቱን አተረፈ።

እንግዲህ አንድ ጊዜ መናገር ይበቃልን? ጊዜና አንደበት እስካለ ድረስ አይበቃም። በደበዘዘ ድምፅ ጠይቆ የተወ ሰው የራሱን ጭንቀት አቀለለ እንጂ አማናውን አልተወጣም። ከእርሱ ይልቅ የሚከብደው ግን፣ ሁለተኛ እንዳይጠየቅ አድርጎ የሚመልስ አለቃ፣ አባት ወይም አሚር ሸክም ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በላይ የሚከበር መሪ የለም፤ እርሳቸው ግን ተጠየቁ፣ አደመጡም።

አላህ (ሱ.ወ) ሲነገራቸው ከሚሰሙት፣ ሲያዩም ከሚናገሩት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።