ጠላት ተራ አይጠብቅም

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፣

እዚህ ሐዋሳ ብዙዎቻችን በስልክ የምንጫወተው የውጊያ ጨዋታ ተራ አለው፤ ጠላትን ገፍቶ የሚመልሰውን ችሎታም ተራችን ሲደርስ እንጠቀምበታለን። የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ግን እንዲህ አልነበረም። በመነሻው፣ «ወረራ» በሚባለው ጊዜ፣ ከጠጠሮቹ አንዱ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። ስለዚህ መከታ የሚሠራው ከመጀመሪያው ምት በፊት ነው። ለእኛ ዕድሜ የሚስማማው፣ በእኔ አስተያየት፣ ይኸኛው ጨዋታ ነው።

ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ ሦስት ጊዜ ሲፈተን ሦስቱንም የመለሰው ከኦሪት ዘዳግም ቃል ነው። ዲያብሎስም፣ ሉቃስ በምዕራፍ 4 ቁጥር 13 እንደ ጻፈው፣ የተለየው ለጊዜው ነው፤ ተገፍቶ ሄደ እንጂ አልሞተም። እንግዲህ ወደ እኛ፣ ወደ ግቢያችንና ወደ መኝታ ክፍላችን ሲመለስ፣ በእጃችን ምን ያገኝ ይሆን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።