ከሰናድር እስከ ጌምማስተር፦ ለአንድ ጥይት ማን ይጠየቃል?

ቀረርቶና ፉከራ የሰማ ሰው ሰናድርን፣ ውጅግራን፣ ምንሽርን በስም ያውቃቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሰው ስሞች መሆናቸውን ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልንም። ሰናድር ጄከብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ ፈልሳፊ ነው። ውጅግራ ደግሞ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ባዚል ግራ የተባለ መኮንን የነደፈውና የፈረንሳይ ጦር በ1874 የታጠቀው ጠመንጃ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፎካሪው የራሱን፣ የአባቱን፣ የፈረሱን ስም ጠርቶ መሣሪያውን ሲያክልበት፣ ሳያውቀው የሠሪውንም ስም አብሮ ይጠራል። የገዳይም የመግደያም ስም በአንድ ትንፋሽ ይወጣል ማለት ነው።

ሰናድር ወደ አገራችን የገባው በክፉ ቀን ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 መቅደላ ሥር፣ እሮጌ ላይ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የናፒየርን ጦር ሲገጥም፣ እንግሊዞቹ በኋላው የሚጎርሰውን ይህን ጠመንጃ ይዘው ነበር። ባሩዱ፣ እርሳሱና መቀጣጠያው በአንድ ቀለህ ተጠቃለዋል፤ መቀጣጠያዋ የምትገኘው ቀለሁ ቂጥ ላይ፣ መሐል ለመሐል ነው፤ መርፌው እሷን ሲመታ ጥይቱ ይተኮሳል። ከአፈሙዙ ባሩድ እየጠቀጠቀ የሚተኩሰው ወታደር አንዴ እስኪያጎርስ ድረስ ያኛው ደጋግሞ ይተኩሳል። ሮኬትና የተራራ መድፍም ነበራቸው። በዚያ ከሰዓት ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዞቹ ወገን ቆስለው የሞቱት ሁለት ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የጠመንጃ ንድፍ ታሪክ በአብዛኛው በአንደኛውና በሁለተኛው ጥይት መካከል ያለውን ጊዜ የማሳጠር ታሪክ ነው። ለዚህ አሜሪካ ያወጣችው አንዱ መልስ ፓምፕ የሚባለው ነው። የብዙዎቹን ጠመንጃዎች ጥይት ለማቀባበል ቀኝ እጅ ቃታውን መልቀቅ አለበት። ፓምፑ ግን ሥራውን ለግራ እጅ ሰጠው፤ ከበርሜሉ ሥር ያለውን የእንጨት እጀታ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት መግፋት ነው። ጣት ከቃታ፣ ዓይን ከዒላማ አይነቀልም። ኮልት «ላይትኒንግ» የተባለውን በ1884 አወጣ። ሬሚንግተን በ1912 ጆን ፔደርሰን የነደፈውን ሞዴል 14 ለገበያ አቀረበ። በዚህኛው ላይ አንድ ደስ የሚል ብልሃት አለ። ጥይቶቹ ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ተከታትለው ይተኛሉ፤ ሹል ጥይት የፊተኛውን መቀጣጠያ ከኋላ ተደግፎ ቢገኝ ደግሞ ንጥቂያው ሊያፈነዳው ይችላል። ፔደርሰን ቱቦውን ጠመዝማዛ አድርጎ ጥይቶቹ ጎን ለጎን ጋደል እንዲሉ አደረገ። በ1952 የመጣው ሞዴል 760፣ በንግድ ስሙ «ጌምማስተር»፣ ቱቦውን ትቶ ተነቃይ ካዝና ያዘ። ሁሉም ለአዳኝ፣ ጫካ ውስጥ ሽው ብሎ ለሚያልፍ አጋዘን የታሰቡ ናቸው። ንድፍ አስተያየት ነው፤ የዚህኛው አስተያየት «የመጀመሪያውን ትስታለህ» የሚል ይመስለኛል።

ሬሚንግተን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አፄ ዮሐንስ በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ ግብፆችን ድል ሲያደርጉ የተማረከው ጠመንጃ በአብዛኛው የዚሁ ኩባንያ ሥሪት ነበር።

እሮጌ መቶ ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ውስጥ ተገደለ። ከሥፍራው አጠገብ ተጥሎ የተገኘው ጠመንጃ ሞዴል 760 ነበር። የተተኮሰው አንድ ጥይት ነው። ባዶ ቀለሁ እዚያው ጠመንጃው ውስጥ ነበር፤ ተኳሹ እጀታውን አልሳበም። ለሁለተኛው ጥይት ሲባል የተደከመበት ጥበብ ሁሉ አላስፈለገም።

ገዢው ከአምስት ቀን በፊት በርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ቀደም ብሎ የገዛውን ሌላ ጠመንጃ እንደማይበቃ ጫማ መልሶ በዚህ ለወጠው። በደረሰኙ ላይ ያሰፈረው ስም ሃርቪ ሎውማየር የሚል ሐሰተኛ ስም ነው። የጠመንጃው ተከታታይ ቁጥር መርማሪዎችን ወደ ሱቁ መራቸው፤ ሱቁ ወደ ሌለ ሰው መራቸው። ጄምስ ኧርል ሬይ ወደሚባለው ያደረሳቸው የጣት አሻራ ነው። በመጋቢት 1969 ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አመነ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ካደ፤ በ1998 እንደካደ ሞተ። ከኪንግ አካል የወጣው እርሳስም ከዚያው ጠመንጃ ለመውጣቱ ምርመራው እርግጠኛ መልስ አልሰጠም።

በዚህ አገር ክርክሩ የቆመው ብረቱ ላይ ነው። አንዱ ወገን የሚገድለው ሰው ነው ይላል፤ ሌላው ጠመንጃው ባይኖር ይላል። የሜምፊሱን ነገር ሳስበው ሁለቱም ያልነኩት ቦታ ያለ ይመስለኛል። ፉከራ ሕሊና አይደለም። ትምክህት ነው፤ የሟች እናት አጠገብ ቢፎከር ምን እንደሚመስል ማሰብ ይበቃል። ሆኖም «እኔ ነኝ» ይላል፤ የእገሌ ልጅ፣ በዚህ መሣሪያ። ይህ አዋጅ ደም መላሽ ይጠራል፤ ሽማግሌም ይጠራል። ደም የሚደርቀው፣ ካሣ የሚቆረጠው ገዳዩ ሲታወቅ ነው። ስሙን የደበቀ ገዳይ የሚያመልጠው ከቅጣት ብቻ አይደለም፤ ይቅር የሚባልበትንም በር ይዘጋል። የኪንግ ቤተሰብ ሬይ አልገደለም ብሎ እስከ ማመን ደረሰ፤ ይቅር ሊሉ ቢፈልጉ እንኳ ማንን ይበሉ?

አንባቢ «እሮጌ ላይ የሞቱትንስ ማን እንደገደላቸው ማን ያውቃል?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ስም አልባው ጥይት የሜምፊስ ፈጠራ አይደለም፤ ርቀቱና ፍጥነቱ ሲጨምር የመጣ ነው። በመንግሥት ጦር ስም ሲተኮስ ደግሞ «እኔ» የሚል ከነጭራሹ አይፈለግም። የዛሬው የአገራችን ጦርነት ሙታንም አብዛኞቹ በማን እጅ እንደወደቁ አይታወቅም፤ ክላሹ ሁሉም ዘንድ አለ። ስለዚህ ጠመንጃን ማገድ ወይም አለማገድ የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃኝም። ፋብሪካው፣ ሻጩ፣ አዛዡ፣ ተኳሹ፣ እያንዳንዱ ድርሻውን በስሙ የሚቀበልበት ሥርዓት አለ ወይ? ስናይደርንና ግራን ሳይፈልጉ ከነስማቸው ያስገባቸው ፉከራችን ነው።

ቻምብሊ አካባቢ ሱቅ ያለው የአገሬ ሰው ከገንዘብ መሳቢያው ሥር ሽጉጥ አለው፤ ሌባ ይፈራል፣ አልፈርድበትም። ስሙ ማን ይባላል ብዬ ጠየቅሁት። አገላብጦ አየውና «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር» አለኝ።