ዋጋው ቢወደድም የሰው ድካም የሰው ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ የምንመረምረው ጉዳይ በብዙዎቻችን እጅ ያለ ነው። ይኸውም፦ ዋጋው ተወደደ ብሎ የሰውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ገልብጦ መጠቀም ኃጢአት ነውን? የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙዎች «ባለቤቱ ፕሮግራሙን አላጣም፤ እኔ ቅጂውን ብቻ ወሰድሁ፤ ታዲያ ምኑ ተሰረቀ?» ይላሉ።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 አልቴር የተባለው ኮምፒውተር ተገጣጣሚው በ400 ዶላር ገደማ ሲሸጥ፥ ቤዚክ የተባለውን ፕሮግራም ለብቻው ለሚገዛ ሰው እስከ 500 ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠየቅ ነበር። ሰዎችም እየገለበጡ ተቀባበሉት። በ1976 ቢል ጌትስ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ፥ ከአልቴር ባለቤቶች መካከል ቤዚክን የገዙት ከመቶ 10 እንደማይሞሉ፥ የሠሪዎቹም ድካም ሲሰላ በሰዓት 2 ዶላር እንኳ እንደማይደርስ ገልጦ ወቀሳቸው።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ወገን ይገሥጻል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 11 ቁጥር 26 እህሉን የሚደብቀውን ሰው ሕዝብ እንደሚረግመው ይናገራል። ስለዚህ የባለጸጋ ሀገርን ዋጋ በድሀ ሀገር ተማሪ ላይ የሚጭን ነጋዴ ከዚህ ተግሣጽ አያመልጥም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 6 ቁጥር 30 እና 31፥ ርቦት የሰረቀ ሰው ባይናቅም ሲያዝ ሰባት እጥፍ እንደሚከፍል ያስተምራል። ልብ በሉ፤ ረሃቡ ታስቦለታል፥ ዕዳው ግን አልተሰረዘለትም። የእኛስ ረሃብ ሁልጊዜ የእንጀራ ረሃብ ነውን?

«ምኑ ተሰረቀ?» ለሚለውም ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ቁጥር 4 ስለ ተቀማው የሠራተኛ ደመወዝ የጻፈውን እናንብብ። የምንከፍለው ለዲስኩ ሳይሆን ሌሊቱን ስሕተት ሲለቅም ላደረው ሰው ነውና።

ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። የግዕዝን ፊደል በኮምፒውተር እንድንጽፍ የደከሙ ኢትዮጵያውያን አሉ። የእነርሱን ሥራ ገልብጠን ስንቀባበል «ባለጸጋው ድርጅት አይጎዳም» የሚለው ምክንያታችን ወዴት ይገባል? ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን የድሀውን በግ እናስብ። የሀገራችንም ሕግ፥ ማለትም አዋጅ ቁጥር 410/1996፥ የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ የደራሲው መብት አድርጎ ይጠብቃል።

ታዲያ ገንዘብ የሌለው ወጣት ምን ያድርግ? መንገድ አለው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ፥ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ የሚያገለግለውም ሊብሬኦፊስ፥ ሠሪዎቻቸው ገልብጠን ለባልንጀራችን እንድንሰጥ የፈቀዱልን ናቸው። በፈቃድ የሚገለብጥና ያለ ፈቃድ የሚገለብጥ እጃቸው አንድ ቢሠራም ኅሊናቸው አንድ አይደለም።

በኮምፒውተር ቤት ተቀጥረህ የተገለበጠ ፕሮግራም የምትጭን ወንድሜ ሆይ፤ እንጀራህ በእርሱ ላይ ነውና ፈተናህ ከሁላችን ይከብዳል። ቢሆንም ለደንበኛህ «በነጻ የተፈቀደ አለ፤ እርሱን ልጫንልህ?» ማለትን ዛሬ ጀምር። የጉልበትህን ዋጋ ከዚያም ታገኛለህ።

ዋጋው ከከበደን ከብዶናል ብለን በግልጥ እንናገር፤ ለተማሪ ቅናሽ እንዲደረግ እንጠይቅ፤ ለሀገራችን ሠሪዎች ግን የቻልነውን ያህል አስቀድመን እንክፈል። የነጋዴው ስስት የእኛን እጅ አያነጻምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።