በገበና ስለ መሳቅ

ገበናን መሸፈን ጨዋነት መሆኑን የጨርጨር ሰውም የሌላው አገር ሰውም ያውቃል። እንግዲያስ ባልና ሚስት ሲነታረኩ፥ ልጅም አባቱን ሲያታልል የሚያሳየውን የጋዜጣ ሥዕል ጨዋ ሰው ደስ ብሎት መመልከቱ ስለ ምን ነው?

አሜሪካዊው ቺክ ያንግ በፈረንጆች ቁጥር በ1930 ዓመት የጀመረው «ብሎንዲ» የተባለው ተከታታይ ሥዕል ለዚህ ምስክር ነው። ባልየው ዳግውድ እንቅልፍ ወዳድና ሆዳም ነው፤ ወደ ሥራው ሲሮጥም ፖስተኛውን ገፍቶ ይጥላል። ሚስቱ ትገሥጸዋለች፥ ነገር ግን አትተወውም። ሠሪው በ1973 ዓመት ሲሞት ልጁ ዲን ያንግ ሥራውን ተረከበ።

ኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትም «ፋቡላ» በተባለው ቴአትራቸው የሰውን ጠባይ በአውሬዎች አስመስለው አሳይተው ነበር። ዳሩ ግን ቀልዱ ሹማምንቱን የሚነካ ሆኖ ስለ ተገኘ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የሹም ነውር በቀልድ ሲገለጥ ባለቤቱ ይታወቃል፤ ቁጣም ይከተላል። ይህም ቢሆን በሹም መሳቅ ከንቱ ነው አያሰኝም፤ ዳኛ ያላገኘውን ነውር ቀልድ ይዳኘዋልና። የቤተ ሰብ ሥዕል ግን የማንንም ቤት በስም አይጠራም። ስለዚህ በጭሮ ወይም በሒርና፥ በገለምሶም ያለ አባወራ ቢያየው፥ ማንም ሳይጠቁመው የራሱን ጉድለት ያውቅበታል። የዛሬው ጥፋትም በማግሥቱ ይቅር ተብሎ፥ ማዕዱ እንደ ገና ቀርቦ ይታያል።

እንግዲህ የጎረቤቱን ገበና አውጥቶ የሚስቅ ሰው ቤት ያፈርሳል፤ የራሱን አውቆ የሚስቅ ግን ለሚስቱና ለልጆቹ ትዕግሥትን ይማራል።