በአሮጌ መኪና ሽያጭ ስለሚሰወር ጉድለት

ከምእመናን ወገን አንዱ በብዙ ድካም ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ አንዲት ታናሽ አሮጌ መኪና ይገዛል። በወሩ መንገድ ላይ ታቆመዋለች። ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶም፦ «ለእኔ እንደ ተሸጠችልኝ አድርጌ ለሌላ ብሸጣትስ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ምን እንመልስለታለን?

ጥያቄው ታናሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ዘመኑ አብዝቶታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገባችው ቪትዝ ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፋለች፤ ዕድሜዋ ቢገፋም ዋጋዋ በዚያው ልክ አይወርድም።

ጉድለቷም እንዲህ ይሰወራል። ሙቀቷ ከፍ ሲል ባለቤቷ ሳያቆም ይነዳታል፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ይጣመማል፥ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል፤ ውሃና ዘይት ተቀላቅለው ወተት የገባበት ቡና ይመስላሉ። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ዘይቱን ለውጦ፥ ሞተሩን አሳጥቦ፥ በማለዳ ሳይግል አስነሥቶ ለገዢው ያሳየዋል፤ በሜዳ ጥቂት ይነዳለታል እንጂ ዳገት አያስወጣትም። ጢሱ እንዳይታይ ወፍራም ዘይት የሚጨምር፥ የተጓዘችውን ኪሎ ሜትር የሚያስቀንስም አለ። ደላላው ይምላል፤ ሻጩ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ከሐሰት አይቈጥረውም። እኛ ግን እንቈጥረዋለን።

ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ዓለማዊው ሕግ ይህን ያህል ከጠየቀ፥ ሥጋውንና ደሙን የሚቀበል ክርስቲያን ከዚያ ያነሰ ይጠየቃልን?

«እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት፤ ልጆቼን ምን ላብላ?» ይላል። ኀዘኑ እውነተኛ ነውና አንንቀውም። ነገር ግን ያታለለው ሌላ ነው፥ ሊያታልለው ያሰበው ሌላ። በደሉን ከበዳዩ በሕግ ይጠይቅ፤ ምንም ባልበደለው ሰው ትከሻ ላይ አይጫን። ፍሬኗ የማይታመን ከሆነማ፥ በኋላ ወንበር የሚቀመጡትን ሕፃናት ነፍስ ጭምር እየሸጠ ነው። (ሥዕል በመስተዋቱ ሰቅለው፥ ጸበል አስረጭተው፥ ፍሬኑን ሳያስመረምሩ የሚነዱም አሉ። ጸበሉ መልካም ነው፤ ፍሬኑም ይታይ።)

እንግዲህ የንስሐ አባቶች ሆይ፥ ለሚጠይቃችሁ እንዲህ በሉት፦ ከገዢው ጋር ራሱ ገዢው ወደ መረጠው ጋራዥ ሂድ፤ ሜካኒኩ ሳይጠይቅህ የምታውቀውን ሁሉ ተናገር፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነስ። አስቀድሞ ሰውሮ የሸጠ እንደ ሆነም፥ ገዢውን ፈልጎ የማሠሪያውን ወጪ ይክፈለው። ወዴት አገኘዋለሁ ቢላችሁ፥ ደላላው ስልኩን ያውቃል።